ከዝያራ እስከ ጉብኝት፦ የከሚሴና የአካባቢዋ የተከበሩ መንደሮች ታሪክ

ሾንኬ በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በዳዋ ጨፋ ወረዳ የሚገኝ የአርጎባ መንደር ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ከሆነችው ከከሚሴ ብዙ ሳይርቅ በተራራ አናት ላይ ተቀምጧል። ቤቶቹ በድንጋይ የታነጹ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ ከሩቅ የሚታዩት እንደ አንድ ምሽግ ነው። በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ መስጊዱም በዚያው ድንጋይ የተሠራ ነው። ከዋናው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ወጥቶ እስከ አናቱ ለመድረስ በእግር ዳገት መውጣት ግድ ይላል። ዛሬ ሾንኬ በቱሪዝም ቢሮዎች ጽሑፎች ውስጥ የዞኑ ዋነኛ መስህብ ሆኖ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ዳገቱን ለብዙ ዘመን ሲወጡት የኖሩት ኪታባቸውን በአገልግል ወይም በቆዳ ማኅደር የያዙ ደረሳዎች (የሃይማኖት ተማሪዎች)፣ ስለት ያለባቸው ምእመናንና ዱዓ ፈላጊዎች ናቸው። ካሜራ ያነገተ ጎብኚ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

የመንደሩ ነዋሪዎች ሾንኬ ከተቆረቆረ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ይላሉ። አባቶቻቸው ከዐረብ ምድር ባሕር ተሻግረው እንደመጡም ይተርካሉ። ይህ ትውፊት በአርጎባ ሕዝብ ዘንድ በስፋት የሚነገር ሲሆን በጽሑፍ ከተረጋገጠው የአካባቢው ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ እሱም የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ በምሥራቅ ሸዋ የነበረውን የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት አሸንፎ ግዛቱን ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ የወላስማ ነገሥታት ከሸዋ ተራሮች ምሥራቃዊ ቁልቁለት እስከ ዘይላ ወደብ የሚዘረጋውን የንግድ መንገድ ተቆጣጠሩ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ጨርቅና ዕቃ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። የአርጎባ መንደሮች ደግሞ ዛሬም ድረስ የሚገኙት በዚያው ጠርዝ፣ ደጋው አብቅቶ ቆላው በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ ተሰልፈው ነው።

የይፋትን መልክ በዘመኑ ከጻፉት ሰዎች ዋነኛው በካይሮ የነበረው አል ዑመሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ገደማ ያሰባሰበው ጽሑፍ ወደ ግብፅ ከሄዱት ከሸኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ በሰማው ላይ ተመሥርቷል። በእሱ ዘገባ ይፋት ሰባት ዋና ዋና ከተሞች ነበሯት፤ በመስጊዶቿ የጁምዓ ኹጥባ ይደረግ ነበር፤ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ ይበቅልባት ነበር። ቅጠሉ ተበልቶ እንቅልፍን የሚያባርር ተክልም እንዳላት ጽፏል። ይህ ጫት ነው፤ በዓለም ላይ ስለ ጫት ከተጻፉት ጥንታዊ መረጃዎችም አንዱ ይኸው የይፋት ወሬ ነው። ያ ቅጠል ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ በዚህ አካባቢ የዱዓ መጅሊስ መሠረታዊ ክፍል ሆኖ እናገኘዋለን።

የአካባቢው የድንጋይ መስጊዶች የተሠሩበት ዘመን ሌላውም ዓለም በእምነት ሕንፃ የተጠመደበት ነበር። በላስታ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። በዚያው ወቅት በሩቅ ምሥራቅ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ የባጋን ነገሥታት በኢራዋዲ ወንዝ ዳር በሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የቡድሃ ፓጎዳዎችን አቁመዋል። የባጋን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1287 ሲወድቅ ይፋት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑት ፓጎዳዎች ዛሬም ቆመው ከመላው ዓለም ጎብኚ ይስባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በከሚሴ ተራሮች ላይ ያሉት የድንጋይ መንደሮች ከእነዚህ ጋር በመጠን አይወዳደሩም። የሚመሳሰሉት በሌላ ነገር ነው። በባጋንም ሆነ በያንጎኑ ሽዌዳጎን ምእመኑና ጎብኚው በአንድ በር ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ ሕንፃውን ለዘመናት ሲጠግነው የኖረው የምእመኑ እጅ ነው። የሾንኬም ታሪክ ከዚህ አይለይም።

የይፋት ከተሞች ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 ባደረገው ዘመቻ የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል አድርጎ ግዛቱን አስገበረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን በዘይላ ከተገደሉ በኋላ የወላስማ ቤተ ሰብ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ የአዳልን ሱልጣኔት መሠረተ። ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ በአፋርና በሰሜን ሸዋ ተዳፋቶች ላይ፣ እንደ አስበሪ፣ መሰልና ኖራ ያሉ ትልልቅ የድንጋይ ከተሞች ተለቀው ቀሩ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሾቻቸውን ለዓለም ያስተዋወቁት በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በኖራ የመስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ከቁጥቋጦ መካከል ቆሞ ይታያል፤ የሚሰግድበት ሰው ግን የለም። ሾንኬና ጎረቤቷ ጦለሃ ልዩ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፤ ያንኑ የድንጋይ አሠራር ይዘው፣ ያንኑ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ሰው ሳይለያቸው እስከ ዘመናችን ደረሱ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢው የጦር አውድማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1531 የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ከዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር አንፆኪያ ላይ ገጠመ። ቦታው ከዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጋር የሚዋሰነው የአንፆኪያ ምድር ነው ተብሎ ይታመናል። የኢማሙ መድፎች ሲያጓሩ የንጉሡ ጦር ተደናግጦ መፍረሱን የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ዘግቧል። ውጊያው ወደ ወሎና ወደ ሰሜን የሚያስገባውን በር ከፈተ። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ሲሞቱ ሁለቱም ወገን ደክሞ ነበር፤ መንደሩ ተቃጥሏል፣ ገበሬው ተበትኗል። በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኦሮሞዎች ወደ ቦርከና ሸለቆና ወደ ጨፋ ሜዳ ገብተው ሰፈሩ። ሜዳው በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋም ሳሩ የማይደርቅ ረግረግ ነው፤ ለከብት አርቢ ከዚህ የተሻለ ምድር አይገኝም። አርጎባው በተራራው ላይ እርሻውን፣ ሽመናውንና ንግዱን ይዞ ቆየ፤ ኦሮሞው ሜዳውን ያዘ፤ አፋሩ በድርቅ ጊዜ ከቆላ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ መውጣቱን ቀጠለ። ሦስቱ ሕዝቦች በግጦሽ ሲጣሉ፣ በገበያ ሲታረቁ፣ በጋብቻ ሲዛመዱ ዘመናት አለፉ።

ያስተሳሰራቸው ትልቁ ነገር እስልምና ነበር፤ እስልምናውን በወሎ ምድር ያስፋፉት ደግሞ በአብዛኛው ሱልጣኖችና ጦረኞች ሳይሆኑ መሻይኾች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የቃዲሪያ ጠሪቃ (የሱፊ ሥርዓት) ሸኽ የነበሩት ሙሐመድ ሻፊ ከከሚሴ በስተ ምዕራብ ባለው የአልቡኮ ደጋ ጀማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. ከ1743 እስከ 1806 ወይም 1807 የኖሩት እኚህ ሸኽ አስተማሪ፣ መንፈሳዊ መሪና ታጋይ ነበሩ። የነቢዩን ልደት፣ መውሊድን፣ በወሎ በአደባባይ ማክበርን ያስጀመሩት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጀማ ንጉሥ የአገሩ ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ።

የጀማ ንጉሥን መውሊድ ለማክበር የሚጓዘው ሰው ከቤቱ የሚነሣው ብዙ ቀን አስቀድሞ ነበር። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከቃሉ፣ ከጨፋ፣ ከይፋት በቡድን በቡድን ሆኖ ይወጣል። ስለቱ የሰመረለት ሰንጋ ይነዳል፤ ያልሆነለት ቅቤ፣ ማር፣ ቡና ወይም ጫት ይይዛል፤ ምንም የሌለው እንጨት ለቅሞና ውሃ ቀድቶ ያገለግላል። ካዳሚዎች እንግዳውን ተቀብለው ቦታ ይሰጣሉ። ሌሊቱን ድቤው እየተመታ መንዙማው ይወርዳል፤ አውራጁ ይላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። መንዙማው በዐረብኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በዐረብ ፊደል መጻፍም የተለመደ ሆነ። ዐረብኛ የማይችለው ገበሬ የሃይማኖቱን ነገር በገዛ አፉ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። በዝያራው፣ ማለትም የተከበረውን ቦታ በመሳለሙ ሥርዓት፣ የታመመው ፈውስ፣ መካኒቱ ልጅ፣ የተጣላው ዕርቅ ይጠይቃል። ደም የተቃባ ሰው ከሸኹ ፊት ሲቀርብ እምቢ ማለት ያስቸግረዋልና፣ ብዙ ቂም የተቋጨው በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ነው። ዝያራው የመድረሳንና የሸንጎን አገልግሎት በአንድ ላይ የያዘ ተቋም ነበር ቢባል አይጋነንም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ መረብ ሰፋ። በቃሉ ምድር ጌታ በተባለው ቦታ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጅ ቡሽራ የሰማኒያን ጠሪቃ አስፋፉ። በየጁ ዳና የተባለው ቦታ በፊቅህ ትምህርቱ ስሙ ገነነ። ደረሳው ከሐረር፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከጉራጌ ሳይቀር ወደ ወሎ ይጎርፍ ነበር፤ አንዱን ኪታብ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እያለ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዘዋወራል። ምግቡን የሚሰጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ማደሪያውም ዛውያው፣ የሸኹ ማስተማሪያ ስፍራ ነው። ለደረሳው በጉዞው ላይ አደጋ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከሌላው መንገደኛ ይልቅ ይከበር ነበር። በአንፃሩ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ሲያልፍ አዳራ ቢሌ በተባለው የአካባቢው ገዥ ታስሮ ያለ የሌለ ንብረቱን ተዘርፎ ወጣ። ያ ዘመን አገሩ ለባዕድ ተጓዥ የተዘጋበት፣ ለዘያሪ ግን የተከፈተበት ነበር።

ግንቦት 1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገው ጉባኤ ይህን ሁሉ አናጋው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ክርክር ለመዝጋት የጠሩትን ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የታወጀ ትእዛዝ ተከተለው። ከወሎ መሪዎች ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም። ብዙ ሕዝብ ግን እምቢ አለ። መስጊዶች ተቃጠሉ፣ መሻይኾች ተሰደዱ፣ አንዳንዱ ጦር አነሣ። ከአርጎባ ወገን የሆኑት ሸኽ ጠልሐ ጀዕፈር በዚያ ትግል ከታወቁት መሪዎች አንዱ ናቸው። በዐረብ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንፈሳዊ ግጥሞች ሸኹ ራሳቸው በ1928 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም በመጅሊሶች ሲዘመሩ ኖረዋል።

ሾንኬ በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ጎልታ የምትወጣው በዚህ ወቅት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ በዚያ ያስተማሩት ሸኽ ጀውሃር ሐይደር ዐሊ የመንደሯን ስም በመላው ወሎ አስጠሩ። ለመሸሸግ የተመረጠው ተራራ ለመማሪያም ተመቸ፤ ሠራዊት ለመውጣት የሚቸገርበት ዳገት ለደረሳ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። የድንጋዩ ቤት በቀን ሙቀት ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ በሌሊት ይሞቃል። በየግድግዳው ውስጥ በተሠሩት ጉድጓድ መደርደሪያዎች ዕቃና ኪታብ ይቀመጣል። ሸኹ በ1920ዎቹ ማብቂያ ሲያርፉ የሾንኬ ዝያራ ከጀማ ንጉሥና ከጌታ ጋር የሚጠራ ሆኖ ነበር። ዛሬ ሾንኬን በአርኪቴክቸሯ ብቻ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ መንደሯን ያኖረውን ነገር ይዘነጋል። ቤቶቹ ሳይፈርሱ የቆዩት እንግዳ ስለማይጠፋባቸው፣ ጣሪያው በየክረምቱ መዳረሻ ስለሚጠገን፣ ዳገቱን ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ ትውልድ ስላልተቋረጠ ነው።

የቦርከናን ሸለቆ ከሌላው ዓለም ጋር ያገናኘው መኪና ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ለሚደረገው ጦርነት ወደ ደሴ የሄዱት በመኪና ነበር፤ ደሴ ኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ 18 ቀን የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ የተሽከርካሪ ሰልፍ ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችን የጫኑ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች ወደ ደቡብ የወረዱት በዚህ አቅጣጫ ነው። ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ መንገዱን አስፋፍተው ድልድይ ሠሩለት፣ ጣርማ በርን በዋሻ በሱት፤ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውንም መንገድ ገነቡ። ከጦርነቱ በኋላ የመንገድ ዳር ሰፈሮች ከተማ ሆኑ፤ ከሚሴም ከነዚያ አንዷ ናት። የነጋዴው ግመልና በቅሎ ለጭነት መኪና ቦታ ለቀቁ። ዘያሪው ግን መኪናውን ወደደው፤ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ አንድ ቀን አጠረ።

ግንቦትና ሰኔ 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ሸለቆውን ናጠው። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ ከቤቱ ግማሽ የሚጠጋው ወደቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ፤ ዋናው መንገድም ተሰነጣጠቀ። ሸለቆው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ የተኛ በመሆኑ መንቀጥቀጥ እንግዳ አይደለም፤ የድንጋይ መንደሮቹ ይህን ሁሉ አልፈው መቆማቸው የግንበኞቻቸውን እውቀት ይመሰክራል።

በዚያው በ1950ዎቹ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚመራው የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክርም አገሪቱን ማስተዋወቅ ጀመረ። አውሮፕላን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እያገናኘ «ታሪካዊው መሥመር» የተባለው ጉዞ ተሠራ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ መሥመሩ ጸና። ከሚሴና አካባቢዋ ከዚያ ካርታ ውጭ ቀሩ። ምክንያቱ የቅርስ እጦት አይደለም። የመሥመሩ ታሪክ የነገሥታትና የአብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሆኖ ተቀረፀ፤ የዛውያ፣ የመንዙማና የድንጋይ መስጊድ ታሪክ በዚያ ትረካ ውስጥ ወንበር አልተሰጠውም። ይህ ለረጅም ጊዜ የተፈጸመ በደል ነው፤ ኢትዮጵያ ለዓለም የምታሳየውን ሀብት በገዛ እጇ ጎዶሎ አድርጎታል።

ሆኖም በመኪና ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ቱሪስት በሸለቆው ማለፉ አልቀረም፤ ያቆመውም ገበያው ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ሰንበቴ ከከሚሴ በስተ ደቡብ በዋናው መንገድ ላይ ናት፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በአሰብ መንገድ ደጋው ወደ አፋር በረሃ በሚወርድበት ጫፍ ላይ። የባቲ ሰኞ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ገበያዎች ሁሉ በስፋቱና በሕዝቡ ስብጥር የሚጠቀስ ነው። አፋሩ ጊሌውን በወገቡ ታጥቆ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና አሞሌ ይዞ ከሌሊቱ ይገባል። ኦሮሞው በሬና ማሽላ፣ አማራው ጤፍና ማር፣ አርጎባው በእጁ የሸመነውን ጨርቅ ያወርዳል። በከብት ተራ ዋጋው የሚቆረጠው በደላላ አማካይነት ነው፤ ሻጭና ገዥ ቋንቋ ባይግባቡም ደላላው ያግባባቸዋል፤ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የማይችል ደላላ እዚያ እንጀራ የለውም። በ1960ዎቹ የወጡ የጉዞ መጻሕፍት ባቲን እንዲያዩ ለአንባቢዎቻቸው መምከር ጀመሩ። ባቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃም ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ናት።

ከዚያ ረሃብ መጣ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ቆይቶ በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ተገለጠ። በ1977 ዓ.ም. ባቲ ከመላው ቆላና ደጋ የተሰበሰበ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሰፈረበት ትልቅ የመጠለያ ጣቢያ ሆነች። ያን ጊዜ ከውጭ የመጡት ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞችና የእርዳታ ሠራተኞች ነበሩ። ዓለም የባቲን ስም የሰማው በገበያዋ ሳይሆን በሙታኗ ነው፤ ለዚህ ምድር ሰው ይህ እስከ ዛሬ የሚያም ነገር ነው።

በሌላ በኩል አብዮቱ በ1967 ዓ.ም. መውሊድን፣ ዒድ አል ፈጥርንና ዒድ አል አድሃን ብሔራዊ በዓላት አደረገ። መውሊድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ሥራ የሚዘጋበት ቀን በመሆኑ ከከተማ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሕዝብ ጨመረ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተቋቋመ፤ ከሚሴ ዋና ከተማው ሆነች፤ ኦሮምኛ የትምህርትና የሥራ ቋንቋ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ457 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው ኦሮሞና ሙስሊም ነው። በዚያው ዘመን ዝያራን የሚቃወሙ የሃይማኖት አስተማሪዎች ድምፅ በአካባቢው ጠነከረ። መቃብር መዘየርን ከእምነት ውጭ አድርገው አስተማሩ፤ ወጣቱ ከሁለት ተከፈለ፤ በአንዳንድ ቦታ የዘያሪው ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ዝያራ በዞኑ ውስጥ እስከ ዛሬ የክርክር ጉዳይ ነው።

ምሁራን ወደ ተራራው በጥሞና የወጡትም በዚህ ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም የጀማ ንጉሥ፣ የጌታ፣ የዳናና የሾንኬ ሸኾች የሕይወት ታሪክ በጥናት መልክ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጀርመናዊው አንድሬያስ ቬተር የሾንኬና የጦለሃን የአርጎብኛ ቋንቋ ሰዋስው አሳተመ። በሌሎች ብዙ አካባቢዎች ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታ የለቀቀው አርጎብኛ በእነዚህ ሁለት መንደሮች ሲነገር መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድንጋዩን የጠበቀው ዳገት ቋንቋውንም ጠብቆታል።

የጎብኚው ቁጥር በጨመረበት በዚያው ጊዜ ግን የሾንኬ ሰው መውረድ ጀመረ። ከተራራው ግርጌ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና መኪና አለ፤ አዲሱ ትውልድ ቆርቆሮ ቤቱን የሚሠራው እዚያ ነው። በአናቱ የቀሩት ጥቂት አባወራዎች ናቸው። ይህን መውቀስ አይገባም፤ በእንስራ ውሃ ተሸክሞ ያን ዳገት የወጣ ሰው ውሳኔውን ይረዳዋል። ችግሩ የሚመጣው ከባለቤቱ መውረድ በኋላ ነው። የአፈር ጣሪያ ሰው የማይኖርበት ከሆነ ክረምቱ ይሰብረዋል፤ ጣሪያው ሲሰበር ግድግዳው ይከተላል። ቅርሱን ለማዳን የሚታሰበው ማንኛውም ሥራ ለአናቱ ነዋሪ ውሃ ከማድረስ ካልጀመረ ባዶ ቤት መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

ዛሬ ወደ ሾንኬ የሚሄድ ሰው ከከሚሴ ተነሥቶ መኪና እስከሚደርስበት ሄዶ ቀሪውን በእግሩ ይወጣል። የአካባቢው ሰው መንገድ እንዲመራው ማድረግ ደንብ ነው፤ ከሽማግሌዎች ፈቃድ መጠየቅም እንዲሁ። በመስጊዱ በር ጫማ ይወልቃል፤ ሴት ራሷን ትሸፍናለች፤ ሶላት ላይ ያለን ሰው ፎቶ ማንሣት ነውር ነው። ቡና ይፈላል፤ እንግዳው ቢቸኩል እንኳ አንድ ስኒ ሳይጠጣ አይሸኝም።

በ2013 ዓ.ም. በከሚሴ አጎራባች በአጣዬ የተነሣው ግጭት፣ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ መውረዱ የጎብኚውንና የዘያሪውን ጉዞ አቋረጠው። ኅዳር ማብቂያ ላይ የመንግሥት ጦር ከሚሴን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን መልሶ ያዘ። ከዚያም በኋላ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የውጭ ጎብኚን ከሞላ ጎደል አስቀርቷል። የባቲ ሰኞ በተቻለ ጊዜ ሁሉ ይቆማል፤ አፋሩ ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን ያወርዳል። በመውሊድ ሰሞንም መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት በአይሱዙና በእግር የሚጓዙ ዘያሪዎች ከጨፋ ሜዳ ተነሥተው ወደ አልቡኮ ደጋ ይወጣሉ።